የመስታወቱ ክርና የሐዊ ፀጉር

«ይቀመጡ እማማ፣ ነገሩ ለእርስዎ ይከብዳል» አሉኝ።

ለእኔ? ልጅ በጀርባዬ አዝዬ፣ የወፍጮ መጅ በራሴ ተሸክሜ ከወለጋ ባምባሲ ድረስ በእግሬ የመጣሁ ሴት ነኝ። ከባድ ምን እንደሆነ እኔ ላስተምራቸው! ፊደል አልቆጠርኩም፤ እውነት ነው። ፊደል ያልቆጠረ ዓይን ግን አያይም ያለው ማነው? ለመስማትስ ዲግሪ ይጠየቃል?

አሁን ደግሞ የልጅ ልጄን የሐዊን ነገር በየስልካችሁ እየተቀባበላችሁ ታለቅሱበታላችሁ አሉ። አንዱ «ሥራ አበላሽታ ተባረረች» ይላል። ሌላው «እጮኛዋ ባሕር ማዶ ሄዶ ረሳት» ይላል። ሁለቱም ውሸት ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ያየሁት እኔ ወርቂቱ ነኝ፤ መጥቶ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው የለም።

ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ የሐዊ ታናሽ ሎዛ ትጽፋለች። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

«አኮ፣ ትንሽ አንባቢውን እንዲያስለቅስ...» አለችኝ። አኮ በእኛ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው።

«ማልቀስ የፈለገ ሽንኩርት ይክተፍ» አልኳት። «ጻፊ!»

አሶሳ ዳር ላይ አንድ ማዕከል አለ። ባሕር ማዶ ተራራ ላይ ለተተከለ ትልቅ ቴሌስኮፕ አንድ ዕቃ ይሠሩለታል። ሐዊ እዚያ የተቀጠረች ጊዜ ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት።

«የኮከብ ብርሃን መቀበያ» አለችኝ።

«ዝናብ ነው እንዴ የምትቀበዪው?»

ሳቀች። ግን እንደ ሌሎቹ «አይገባሽም» አላለችኝም። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ወንፊት አስቢ አኮ። ወንፊቱ ወፍራም ብረት ነው። በየቀዳዳው አንዲት ትንሽ ክንድ አለች። ክንዷ ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር። የእያንዳንዱ ኮከብ ብርሃን ወንፊቱ ላይ የሚያርፍባት የራሱ ቦታ አለችው። ክሩ እዚያችው ላይ ከቆመ ብርሃኑን ይቀበላል።»

«ካልቆመስ?»

«የፀጉር ውፍረት ታህል ፈቀቅ ካለ ብርሃኑ ብረቱ ላይ ይወድቃል። ስንት ዘመን ተጉዞ መጥቶ... ብረት ላይ።»

አሳዘነኝ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ በር መሳት!

«ታዲያ ክሩ የት እንደቆመ በምን ታውቂያለሽ?»

«ከኋላው፣ በጭራው በኩል መብራት እንልክበታለን። ጫፉ ይበራል። ያኔ ከፊት ፎቶ እናነሳዋለን። ፎቶው አይዋሽም።»

ክሮቹን ክንዶቹ ላይ የምታጣብቅ እሷ ናት። ትንፋሿን ይዛ ነው የምታጣብቀው። ቤት መጥታ እንኳን ሰሃን ስታስቀምጥ ድምፅ የላትም ነበር።

ጃለታ የመጣው ከነቀምቴ ነው። ክንዶቹ በምን ተራ እንደሚንቀሳቀሱ በኮምፒውተር የሚያዘው እሱ ነው። ሥራ የጀመረ ዕለት እኔ ሐዊ የረሳችውን መታወቂያ ይዤላት ሄጄ ነበር። ዘበኛው አልአሚን በር ላይ አስቆመኝ። የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፣ ሰው ግን ያከብራል።

«እማማ፣ አንተ መግባት የለም። ነጠላ ብናኝ አለው። ማየት ግን አለ» ብሎ በመስታወቱ መስኮት አጠገብ ወንበር ሰጠኝ።

ገና አልተቀመጥኩም፣ አንድ ረጅም ልጅ፣ ያው ጃለታ፣ በወረንጦ የሆነ ነገር ይዞ ጮኸ።

«ይህን ክር የበጠሰው ማነው?!»

ሁሉም ዞረ። ወረንጦውን ሐዊ ፊት ላይ ደቀነው።

«ያንቺ ጠረጴዛ ላይ ነው ያገኘሁት!»

«እኔ አልበጠስኩም።»

«ይኸው ይዤዋለሁ እኮ!»

«ማጉያው ሥር አድርገህ እየው» አለችው፤ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ጎንበስ ብሎ አየ። ቆየ። ቀና ሲል ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«ምንድን ነው?» አለችው።

«ፀጉር ነው።»

«የማን?»

«...ያንቺ።»

እኔ ልስቅ ስል ልጁ ወደ ሰዎቹ ዞረ። ክፍሉ ሙሉ ነበር፤ አለቃቸው ዶክተር ምንውየለትም ነበሩ።

«ስሙኝ!» አለ ጮክ ብሎ። «ተሳስቻለሁ። ሐዊ ምንም አልበጠሰችም። ጥፋቱ የእኔ ነው!»

ልጄ በፍቅር የወደቀችው ያኔ ነው። እኔ በመስታወቱ በኩል አየኋት። ዓይኗ ተለወጠ።

ቤት ስንደርስ «አኮ፣ በሰው ፊት ተሳስቻለሁ የሚል ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አያትሽ አንድ ቀን ብሎ ነበር። ትኩሳት ይዞት ነው።»

እሷ አልሰማችኝም።

ጃለታ ግን ያቺን ፀጉር አልጣላትም። ማጉያው የሚቀመጥባት ሣጥን አለች፤ ክዳኗ ውስጥ በፕላስተር ለጠፋት።

«መልስልኝ እንጂ!» ብላው ነበር።

«ይህችን አልመልስም። ሁለተኛ እንዳልሳሳትብሽ ነው።»

ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። በእኛ ቤት ከማበጠሪያ የወጣ ፀጉር ተጠቅልሎ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወተፋል እንጂ ባዕድ እጅ አይገባም። እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሴት ነኝ፤ መተት አልፈራም። ቢሆንም የልጄ ፀጉር ነው!

«አኮ፣ አንድ ፀጉር ናት እኮ።»

«ክሩስ አንድ አይደል? ለአንዱ አይደል ትንፋሽሽን የምትይዢው?»

ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ሳይ አለቀልን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጃለታ ቅዳሜ ቅዳሜ ባምባሲ መምጣት ጀመረ። ማንጎው ጥላ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ደግሞ ጆሮዬን አቁሜ በሩ ላይ።

«እማማ፣ የእኔን ሥራ ላሳይዎት?» አለኝ አንድ ቀን። ክንዱን ወደ ሐዊ ዘረጋ። «ክንዶቹ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ይሰበሰባል። ሁለቱም አንዴ ከተዘረጉ ይጋጫሉ፣ ክሩም ይሰበራል። ሐዊ፣ ተሰብሰቢ።»

እሷ ክንዷን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«አዩ? እንዲህ ነው።»

«ሁልጊዜ የምትሰበሰበው እሷ ናት?»

«ኧረ አይደለም እማማ! ተራ በተራ ነው።»

«ተራህን እናያለን» አልኩት።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሥራው አለቀና የማሳያው ቀን ተቆረጠ። ሰኞ እንግዶች ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። ዕቃው ከሠራ ከሐዊና ከጃለታ አንዱ ከዕቃው ጋር ወደ ተራራው ሄዶ ቴሌስኮፑ ላይ ይተክለዋል። ከዚያ በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ሽማግሌ ሊመጣ ቃል ተገብቷል። የሁሉም ነገር በር ያቺ ሰኞ ነበረች።

በዋዜማው ጃለታ ቤቴ መጣ። ዓይኑ ይቁለጨለጫል።

«አፍጥኜዋለሁ!» አላት። «ተራውን ቀይሬዋለሁ። እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚያዩት!»

«ጎረቤቶቹ ላይ ሞክረኸዋል?» አለችው ሐዊ።

«ምን መሞከር ያስፈልጋል? በአሳቤ አውቀዋለሁ።»

«ጃለታ፣ ሳትሞክረው አታሳይ።»

«ስሳሳት አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አንድ ጊዜ» አለችው።

«እሱማ ፀጉር ነበር!» ብሎ ግንባሯን ሳማት።

እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ባቄላ እየለቀምኩ። እያንዳንዷን ቃል ሰማኋት።

ሰኞ የሠራተኛ ቤተሰብም ተጠርቶ ነበር። ነጭ ካፖርትና የራስ ቆብ አለበሱኝ፤ ቀዶ ጥገና የምሠራ መሰልኩ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። ክሮቹን ከኋላ ሲያበሯቸው ጫፎቻቸው ስክሪኑ ላይ ቦግ ቦግ አሉ። ልክ የሰማይ ቁራጭ ቆርሰው ያመጡ ይመስላል።

«አኮ፣ አየሽ? እያንዳንዷን እኔ ነኝ ያጣበቅኳት» አለችኝ በጆሮዬ።

ጃለታ ቁልፉን ተጫነ። ክንዶቹ ተነሡ። አቤት ፍጥነት! እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደግሞ ጠቅ። የስክሪኑ አንድ ጥግ ጨለመ። ጭብጨባው መሐል ላይ ቀረ።

«ምንድን ነው?» አሉ ዶክተር ምንውየለት። «ምን ሆነ ጃለታ?»

ሐዊ ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። እየጠበቀች ነው። ያቺን የመጀመሪያዋን ቀን፣ ያንን «ስሙኝ!» እየጠበቀች ነው።

ጃለታ እንግዶቹን አየ። ሐዊን አላያትም።

«ማጣበቂያው በደንብ አልደረቀም መሰለኝ» አለ።

ይኸው ነው። አንዲት አረፍተ ነገር። ማጣበቂያው የማን ሥራ እንደሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሐዊ አፏን አልከፈተችም። እኔ ግን ተነሣሁ።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «ትናንት እቤቴ ተራውን ቀይሬዋለሁ፣ አልሞከርኩትም ብሏል! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ዶክተር ምንውየለት ፈገግ አሉ። የተማረ ሰው ፈገግታ ታውቃላችሁ? እሷን።

«ይቀመጡ እማማ፣ ነገሩ ለእርስዎ ይከብዳል።»

«ምኑ ነው የሚከብደኝ? ልጁ ዋሸ ነው የምላችሁ!»

«አልአሚን፣ እባክህ እማማን ወደ ውጭ...»

አልአሚን እጄን ይዞ አወጣኝ። በሩ ላይ ጎንበስ አለልኝ።

«እማማ፣ እኔ አንተ አምናለሁ፣ ወላሂ። ግን እኔ ዘበኛ።»

በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያመነኝ እሱ ብቻ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ቆነጠጥኳት።

«ለምን አልተናገርሽም? አፍ የለሽም?»

«አኮ፣ እኔ ብናገር የሚተርፈኝ ሥራዬ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ቢናገር ግን እሱም ይተርፈኛል።»

«ባይናገርስ?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

«ይናገራል» አለች።

አልተናገረም። ማክሰኞ አልተናገረም፣ ረቡዕም አልተናገረም። ሐሙስ ዕለት ሐዊን ጠርተው «እጅሽ አይታመንም» ብለው አሰናበቷት። እጇ! ያ ትንፋሽ ይዞ የሚሠራ እጅ! የተሰበሩትን ክሮች የተኩት ደግሞ እሷው ቀደም ብላ ባዘጋጀቻቸው መለዋወጫዎች ነው። ወደ ተራራው የሚሄደው ጃለታ ሆነ።

እና እሁድ... ሽማግሌ ላከ!

አዎ፣ ላከ። ራሱም ከኋላቸው መጣ። ከፊት አጎቱ ኦቦ ዲሳሳ፣ ዱላውን ይዞ። ደጄ ላይ ተደረደሩ።

«ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አለ ዲሳሳ። «እሺ ሳንባል አንቀመጥም።»

«ደግ ነው። ቁሙ» አልኩት።

እንዲህ ያለ መልስ አልለመዱም።

«ወርቂቱ፣ ፀሐዩ እኮ...»

«ፀሐይም ኮከብ ናት ይላል ልጃችሁ። ተቀበሏት!»

ሐዊ ከጓዳ ወጥታ ጎኔ ቆመች። ጃለታ አያት፣ መልሶ መሬት መሬት አየ።

«ጥሎሽ አልፈልግም» አልኩ። «ልጁ አንድ ነገር ብቻ ይናገር። ሰኞ ዕለት መስታወቱን የሰበረው ማነው?»

ዲሳሳ እፎይ አለ። «ለመስታወት ነው እንዴ ይህ ሁሉ? ነገውኑ አስገባልሻለሁ! የመስኮት ነው የቁም ሣጥን?»

የሳቀ የለም።

«ሐዊ፣ ለብቻችን እናውራ» አለ ጃለታ።

«እዚሁ።»

«አንድ ሰው መውደቅ ነበረበት። እኔ ብወድቅ ሁለታችንም እንወድቅ ነበር። እኔ ሄጄ ልወስድሽ... ለእኛ ብዬ ነው የኔ ፍቅር!»

«ለእኛ?»

«ለእኛ።»

«እኔን ጠይቀኸኝ ነበር?»

እሷ አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«ማነው የሰበረው ጃለታ?»

ሽማግሌዎቹን አየ። ማንጎውን አየ። ጫማውን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ይኸው ተናገረ!» አለ ዲሳሳ። «በሉ እንቀመጥ!» ወደ አግዳሚው ሲያመራ ነጠላዬን አወናጨፍኩበት።

«ቁም!»

ቆመ።

«ነገ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ፣ በዶክተሩ ፊት ትለዋለህ?» አለችው ሐዊ።

«ሐዊዬ... ረቡዕ እኮ ነው የምሄደው። ቲኬቱ ተቆርጧል።»

«ትለዋለህ?»

«እዚያ ከደረስኩ በኋላ...»

«ተራ በተራ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ሐዊ...»

«ተራህ ሰኞ ነበር። ዛሬም ሰጠሁህ። ያን ቀን ፀጉሬን ይዘህ ተሳስቻለሁ ብለህ ስትጮህ ወደድኩህ። ለካ ያን ቀን የምታጣው ነገር አልነበረም።»

አለቀሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንባው እውነተኛ ነበር። ይወዳታል። ክፋቱ እሱ ነው! የማይወድ ሰው ቢጥልሽ ታልፊዋለሽ። የሚወድሽ ሰው አስቦ፣ አስልቶ፣ ለእኛ ብዬ ነው ብሎ ሲጥልሽ ግን...

ሐዊ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ እጅ ነሣች።

«አባቶቼ፣ ስላደከምኳችሁ ይቅርታ። አይሆንም።»

ውሃ ሰጠኋቸው። ቆመው ጠጡና ሄዱ።

እናንተ አሁን «ታርቀው ይሆን?» ትላላችሁ። አልታረቁም። ረቡዕ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ሄደ።

ሐዊ ዛሬ ጾሬ ስደተኞች ጣቢያ ናት። የኢንተርኔት መስመር ትዘረጋለች፤ ያው የመስታወት ክር ነው፣ መሬት ውስጥ የሚቀበር። በዚህኛው የሚያልፈው የኮከብ ብርሃን ሳይሆን የሰው ድምፅ ነው። የጠፋች እናቱን በስልክ አግኝቶ መሬት ላይ ቁጭ ያለ ሰው አይታ መጥታ ነግራኛለች። ሥራዋን ትወዳለች። ትስቃለች። አትዘፍንም። ድሮ ክር ስታጣብቅ የዋለች ቀን እየዘፈነች ነበር የምትገባው።

ባለፈው የማንጎ ወቅት ጃለታ ደወለ። የሐዊ እጅ በማንጎ ጭማቂ ተለውሶ ስለነበር የስልኩን ድምፅ ከፍታ አስቀመጠችው። ሁላችንም ሰማን።

«ሐዊ! ገባ! ብርሃኑ ገባ!»

«የምን ብርሃን?»

«የመጀመሪያው! ሁሉም ክር ቦታው ላይ ቆሟል። አንቺ ካጣበቅሻቸው አንድም አልተላቀቀም። አንድም!»

«ለማን ነገርክ?»

«ምኑን?»

«ማጣበቂያዬ ደህና እንደነበር።»

በስልኩ ከበስተጀርባው ሰዎች በደስታ ሲጮሁ ይሰማል።

«...ለአንቺ» አለ።

«እኔማ ድሮም አውቃለሁ።»

«ሐዊ፣ እወድሻለሁ። ፀጉርሽ አሁንም ከእኔ ጋር ነው። ሣጥኗን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ።»

በክንዷ ገፋ አድርጋ ስልኩን ዘጋችው። እጇን ታጠበች። ከዚያ መቀስ አምጥታ እፊቴ ተቀመጠች።

«አኮ፣ ቁረጪልኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እስከ ወገቧ የሚወርድ ፀጉር ነበር። እያለቀስኩ ቆረጥኩት፤ ሎዛ፣ ይህን ጻፊው፣ አዎ፣ እኔ ወርቂቱ አለቀስኩ። ጠቀለልኩት። ግድግዳውን ሰንጥቄ ወተፍኩት፣ በጭቃ ለሰንኩት። ከሐዊ ፀጉር እዚያ የሌለው አንድ ብቻ ነው።

ጃለታ!

ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ፤ የሐዊን የኢንተርኔት ገጽ ሌት ተቀን እንደምትጎበኝ ሎዛ አሳይታኛለች። ልጄን መልስ አልልህም፤ ልጄ እጄ ላይ ናት። ይቅርታም አልፈልግም፤ የአንተን ይቅርታ ደጄ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ በሹክሹክታ።

ፀጉሯን መልስ!

በፖስታ አይደለም። በሰው እጅ አይደለም። በዚያ አዳራሽ በር ግባ፣ ያን ሰኞ በቆምክበት ቁም፣ ዶክተሩ ወንበራቸው ላይ ይቀመጡ። ፀጉሯን በወረንጦ ከፍ አድርገህ ያዝና እንደ መጀመሪያው ቀን ጩህ። «ስሙኝ!» በል። የቀረውን ታውቀዋለህ።

እኔ ከበሩ ውጭ፣ የአልአሚን ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ። ስትጨርስ ፀጉሯን እጄ ላይ አስቀምጥና ሂድ። ጭቃውን አቡክቼ አስቀምጬዋለሁ፣ ሳይደርቅ ና!